«ላይት» የተባለው ቃልና የመሐንዲሱ ኃላፊነት




የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉም «ላይት» ነው። ቃላትን መመርመር የሰዋስው ሊቃውንት ድርሻ እንጂ የመሐንዲስ ሥራ አይደለም የሚል ቢኖር አልቀየመውም። ሆኖም የእንግሊዝኛ መመሪያ ሳያነብ፣ ያነበበውንም ለሠራተኛ በአማርኛ ሳያስረዳ የሚውል መሐንዲስ ከመካከላችን ጥቂት ነው። እንግዲህ ሁላችንም ሳንሾም የተሾምን አስተርጓሚዎች ነን። የልብ ወለድ ተርጓሚ ቢሳሳት የሚተርፈው ወቀሳ ነው። እኛ ስንሳሳት ግን የሚጎዳው የሰው ዓይን ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ አመጣጥ ጥቂት ልበል። «ላይት» በጊዜ ብዛት አንድ መልክ የያዙ ሁለት ቃላት ነው። አንደኛው ማብራትን ከሚያመለክት ጥንታዊ ሥር የመጣ ሲሆን፣ የላቲኑ «ሉክስ» ዘመዱ ነው። ሁለተኛው አለመክበድን ከሚያመለክት ከሌላ ሥር የመጣ ነው፤ የላቲኑ «ሌቪስ» ይዛመደዋል። ጀርመኖች እስከ ዛሬ ድረስ «ሊኽት» እና «ላይኽት» እያሉ ይለዩአቸዋል። ከፈረስ መውረድን የሚያመለክተው የእንግሊዝኛው «ላይት» እንኳ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ፈረሰኛው ሲወርድ ሸክሙ ለፈረሱ ይቀለዋልና።

በአማርኛ ብርሃንና ቀላል የሚምታቱ አይደሉም። ቢሆንም አንዱን ለይተን ካወቅን በኋላ እንኳ ሥራው አያልቅም። በአዲስ አበባ በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ባቡር «ቀላል ባቡር» ይባላል። ቀላል የተባለው የማጓጓዝ አቅሙ ከከባዱ ባቡር ያነሰ ስለሆነ እንጂ ግንባታው ቀላል ስለነበረ አይደለም። በብረታ ብረት ሥራ ደግሞ ያው ቃል ስለ ላሜራ ሲነገር ቀጭን ማለት ነው። አርክቴክት ወንድሞቼና እኅቶቼ እንደሚያውቁት፣ «ባለ ስድስት ላይት መስኮት» የሚል ጽሑፍ የሚጠይቀው ስድስት መስታወት ነው፤ ስድስት አምፖል የሚገዛ ሰው ከንቱ ወጪ ያወጣል።

ይህን ስል የእኛ ቋንቋ እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። «መብራት» ስንል አምፖሉንም፣ የሚሰጠውን ብርሃንም፣ ኤሌክትሪኩንም ማለታችን ነው። በቤት ውስጥ «መብራት ሄደ» ቢባል ማንም አይጎዳም። በጥገና ሥራ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አምፖሉ መጥፋቱን ያየ ሠራተኛ «መብራት የለም» ብሎ ሽቦውን ቢይዝ፣ የተቃጠለው አምፖሉ ብቻ ሆኖ መስመሩ ኃይል እንደተሸከመ ሊጠብቀው ይችላል። ስለዚህ በሥራ ቦታ «አምፖሉ ጠፍቷል» እና «ኃይሉ ተቋርጧል» የሚሉት ሁለት አነጋገሮች ሁልጊዜ ተለይተው መነገር አለባቸው። ኃይሉ መቋረጡም በመለኪያ እንጂ በዓይን አይረጋገጥም።

ወደ ብርሃን ልኬት ስንመጣ ደግሞ የገበያችን ቋንቋ የሚያስደንቅ ነገር ያሳየናል። ሕዝባችን ባለ 60 ዋቱን አምፖል «ባለ 60 ሻማ» ይለዋል። ዋት የሚለካው አምፖሉ የሚወስደውን ኃይል ነው። የሚሰጠው የብርሃን መጠን በሉመን፣ ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ያለው ብርታት በካንዴላ፣ በጠረጴዛ ወይም በወለል ላይ የሚያርፈው ደግሞ በሉክስ ይለካል። ካንዴላ ማለት ራሱ በላቲን ሻማ ነው። የቀድሞው ባለ 60 ዋት የክር አምፖል 800 ሉመን ያህል ይሰጣል። ይህ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢበተን 64 ካንዴላ ያህል ይሆናል። እንግዲህ «60 ሻማ» ያለው ባለሱቅ ከእውነቱ ብዙም አልራቀም!

ዛሬ በኤል ኢ ዲ የሚሠራ አምፖል ከ8 እስከ 10 ዋት ብቻ ወስዶ ያንኑ 800 ሉመን ይሰጣል። ስለዚህ ሻማና ዋት ተለያይተዋል። ቁጥሩን በዋት ብቻ የሚያነብ ገዢ «9 ሻማ ምን ያበራል?» ብሎ ያልፈዋል፤ ወይም 60 ዋት እንዲሆንለት ሲል ለክፍሉ ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ እጥፍ ይገዛል። ለትምህርት ቤትም ሆነ ለፋብሪካ ዕቃ ስናዝ ዋትን ብቻ ጽፈን መተው አይገባንም። ሉመኑን፣ በሥራው ቦታ ላይ የሚፈለገውንም ሉክስ እንጻፍ።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደርሻለሁ። እንግሊዝኛ «ላይት» የሚለውን ቃል ለማይታየውም ጨረር ይጠቀምበታል። የሰው ዓይን የሚያየው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ያለውን የሞገድ ርዝመት ነው። ሉመንም የተበጀው በዓይን ስሜት ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በተወሰነው የካንዴላ ትርጉም መሠረት 1 ዋት አረንጓዴ ጨረር 683 ሉመን ይሆናል። በ1550 ናኖሜትር ያለ 1 ዋት ጨረር ግን 0 ሉመን ነው። ኃይሉ አለ፤ ብርሃን ግን የለም።

በፋይበር መስመር ውስጥ የሚጓዘው የ1310 እና የ1550 ናኖሜትር «ላይት» የዚህ ዓይነት ነው። ቴክኒሻኑ «ብርሃን አለው ወይ?» ብሎ የፋይበሩን ጫፍ ወደ ዓይኑ ቢያስጠጋ፣ ምንም ሳያይ ዓይኑን ለጉዳት ያጋልጣል። በሌላው ጫፍ ጀርም ገዳዩ የሜርኩሪ መብራት አለ። ዋናው ጨረሩ 254 ናኖሜትር ላይ ስለሆነ አይታይም፤ የሚታየው ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ፍካት ብቻ ነው። በአንድ የሥራ ቦታ ማስጠንቀቂያው «አልትራቫዮሌት ብርሃን» ተብሎ ተተርጉሞ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ከበራው መብራት ሥር ስትወለውል አይቻለሁ። ለምን እንደማትርቅ ስትጠየቅ «ይቺ ደካማ ብርሃን ምን ታደርገኛለች?» አለች። በተሰጣት ቃል መሠረት ስናየው አስተያየቷ ትክክል ነበር። የጎደለው የእኛ የባለሙያዎቹ ቃል ነው። ጉዳቱ ወዲያው አይታወቅም፤ ከሰዓታት በኋላ ዓይን አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራል። በየመንገዱ ዳር በፀሐይ መነጽር ብቻ የሚበይዱ ወጣቶቻችንም ይህን ሕመም ያውቁታል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። «ላይት» የሚል ቃል ባጋጠመን ቁጥር አራት ጥያቄ እንጠይቅ። ስለ ክብደት፣ ስለ ውፍረት ወይም ስለ አቅም ከሆነ ቀላል፣ ቀጭን ወይም አነስተኛ እንበል። ስለ ዕቃው ከሆነ መብራት ወይም አምፖል እንበል። ዓይን ስለሚያየው ከሆነ ብርሃን ብለን መለኪያውን እናክል። ዓይን የማያየው ከሆነ ግን ጨረር እንበል፤ የጨረሩንም ዓይነት በስሙ እንጥራ። ጨረር የሚለው ቃል ሕዝቡን ያስፈራል የሚል ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ። ነገር ግን ምክንያቱ የተገለጸለት ፍርሃት ጥንቃቄ ነው፤ ሰውን የሚጎዳው ያለ ቦታው የተሰጠ መተማመን ነው።

ማብራራት የሚለው ግሳችን ከብርሃን ጋር ሥሩ አንድ ነው። የምናሠራቸው ሰዎች ከእኛ የሚጠብቁት ይህንኑ ነውና፣ በምንጽፈው መመሪያ ሁሉ ጉዳዩን በትክክል እንድናብራራላቸው አደራ እላለሁ።