ሚዛኑ ይስተካከል

በአዲስ አበባ ኮልፌ፣ ከአየር ጤና እስከ 18 ማዞሪያ፣ በየጉልቱ ቲማቲም የሚገዛ ሰው አንድ ቅሬታ አለው፤ ፌስታሉ ቤት ሲፈታ ከላይ ያማረው አልቆ ከሥር የፈረጠው ይወጣል።

የጅምላ ገበያው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ቲማቲሙ ከዚያ ኮልፌ እስኪደርስ የመኪና ኪራይና የጫኝ አውራጅ ሒሳብ ዋጋው ላይ ይደመራል፤ መንገድ ላይ የተጨፈለቀውም የቸርቻሪዋ ኪሳራ ነው። ድካሟ ይገባናል። ያንን ኪሳራ ግን ሳንቲም ቆጥራ ለመጣች እናት ደብቆ ማሸከም በደል ነው።

ሻጮች፣ የተጎዳውን ለይታችሁ በቅናሽ ሽጡ። ገዢዎች፣ ሚዛኑ ከዜሮ መነሣቱን እዩ፤ ከጎደለም በትሕትና ጠይቁ። የታመነ ሻጭ ደንበኛ አያጣም።