በአቧራ የተጋረዱ ከዋክብትን ከጅቡቲ ፎቶ ስለማንሣት
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ማኅበራችን ታሪክ ከእኔ የተሻሉ ተናጋሪዎች ስላሉ እኔ ስለ ቴሌስኮፔ እንድናገር ተጠይቄአለሁ። «ይህ ሰው ሌሊት ጣራ ላይ ምን ይሠራል?» ስትሉ የቆያችሁ ጎረቤቶቼም ዛሬ መልሱን ታገኛላችሁ።

በዓውደ ነገሥት «ቀውስ» በምንለው የሰማይ ክፍል፣ ከፍኖተ ሐሊብ እምብርት አጠገብ፣ ተርዛን 5 የሚባል የከዋክብት ክምችት አለ። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ከዋክብት እንደ ንብ መንጋ ድቡልቡል ብለው ተሰብስበውበታል። ርቀቱ 19 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ነው። የጠፈር አቧራ ስለጋረደው እ.ኤ.አ. እስከ 1968 ድረስ ሳይታወቅ ቆየ። ያገኘው ትውልዱ አርመናዊ የሆነው የፈረንሳይ የሥነ ፈለክ ሊቅ አጎፕ ተርዛን ነው። እሱ በሠራበት በደቡብ ፈረንሳይ ይህ ክምችት ከአድማስ 21 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ እኛ ዘንድ ግን 53 ዲግሪ ይደርሳል። ሳንለፋ ያገኘነው ሀብት ነው።

አቧራ ሰማያዊውን ብርሃን ይበትናል፣ ቀዩን ይበልጥ ያሳልፋል። ሐምሲን በነፈሰ ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ይበልጥ የምትቀላውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ከቀይ ወዲያ ያለውን፣ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ካሜራዬ ላይ እገጥማለሁ።

ያስቸገረኝ የራሳችን አቧራ ነው። ቀውስ በማታው ከፍ የሚለው ሐምሌ ላይ፣ ሐምሲን በሚነፍስበት ወቅት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳላስብ ጀመርኩ። አቧራው የቴሌስኮፑ መስታወት ላይ ተጋገረ፤ እኔም ቸኩዬ በደረቅ ጨርቅ ወለወልኩት። ጭረቱ ዛሬም አለ። የሁለት ወር ደመወዝ የፈሰሰበት ዕቃ! ባለቤቴ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ልሸጠው ብዬ ገዢ አጣሁ።

በዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ ነፋሱ ሳይጀምር፣ ከወደቡ መብራት ሸሽቼ አርታ ወጣሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ጀምሬ ሃያ ሃያ ሰከንድ የሚፈጁ 300 ፎቶዎች አነሣሁና በኮምፒዩተር ደራረብኳቸው። ጉም የመሰለች ክብ ነጠብጣብ ብቅ አለች። ልጄ አይታ «አባዬ፣ ይኼ የጣት አሻራ ነው» አለችኝ። በዚያች ነጠብጣብ ውስጥ በሰከንድ 716 ጊዜ የሚሽከረከር የሞተ ኮከብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ሲሆን እስከዚያ ከታወቁት ሁሉ ፈጣኑ ነበር።

ፎቶው በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ቴሌስኮፑም ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ከእራት በኋላ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብቅ በሉ። መስታወቱን ብቻ አትንኩብኝ።