ምስሉ ይጓዝ፣ ታማሚው ይረፍ፦ የሲቲ ስካን ሲዲን በቤት ኮምፒውተር ስለ መክፈትና ስለ መያዝ የቀረበ ንግግር



በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ከተደረገ ወዲህ፣ ለኅብረተሰቡ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛና ስለ አካላዊ ርቀት ብዙ ተነግሯል። የዛሬው ንግግር ስለ አንዲት ቀጭን ዕቃ ነው። ከምርመራ ክፍል ከፊልሙ ጋር ትሰጣለች፤ ብዙ ጊዜም በፌስታል ተጠቅልላ ቁም ሣጥን ላይ ትቀመጣለች። እርሷም ሲዲዋ ናት።

እንዲህ ያለ ሁኔታ ይታሰብ። አንድ አባት በቫይረሱ ታምመው፣ ሳንባቸው ተጎድቶ፣ ከሆስፒታል በሰላም ወጥተዋል። ከወራት በኋላ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው ይጀምራል። ከሚኖሩበት ከተማ የሪፈር ወረቀት ተጽፎላቸው፣ ልጃቸው ፊልሙንና ሲዲውን ይዛ፣ ወደ አዲስ አበባ ይመጣሉ። የሐኪሙ ላፕቶፕ የሲዲ ማስገቢያ የለውም፤ አዳዲሶቹ አብዛኞቹ የላቸውምና። በሌላ ክፍል ሲሞከር ደግሞ ሲዲው ተጭሮ አይነበብም። የቀረው ፊልሙ ብቻ ነው፤ በፊልሙ ላይ ግን ከሦስት መቶ ምስሎች መካከል የታተሙት ጥቂቶቹ፣ እነርሱም በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ናቸው። ሐኪሙ ሊያውቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ዛሬ የሚታየው ጠባሳ የዚያን ጊዜው ነው ወይስ አዲስ? የቀድሞው ምስል ከሌለ ይህን የሚነግረው የለም። ስለዚህ ምርመራው እንዲደገም ይታዘዛል።

ምርመራ መድገም ገንዘብ ብቻ አያስወጣም። አንድ የደረት ሲቲ ስካን የሚሰጠው ጨረር ከአንድ ተራ የደረት ራጅ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ሌላ ዋጋ ይጨመርበታል፤ አየር በማይዘዋወርበት መጠበቂያ ክፍል፣ ከሚያስሉ ሰዎች አጠገብ፣ ሳንባቸው የደከመ አዛውንት ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። ሲዲው ወደ ኮምፒውተር ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሊቀር ይችል ነበር።

በሲዲው ላይ ያለው ነገር ተራ ፎቶግራፍ አይደለም። የሕክምና ምስሎች የሚቀመጡበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ዳይኮም ይባላል። በአሜሪካ የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ማኅበርና የመሣሪያ አምራቾች ማኅበር በጋራ ሆነው የመጀመሪያውን ደንብ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን፣ ዳይኮም የሚለው ስም የወጣለት በ1993 ነው። ከዚያ በፊት የአንዱ ኩባንያ መሣሪያ ያነሳውን ምስል የሌላው ኩባንያ መሣሪያ ማንበብ ይቸግረው ነበር። ዛሬ የዳይኮም ፋይል ምስሉን፣ የታማሚውን ስም፣ የካርድ ቁጥሩን፣ ዕድሜውን፣ ምርመራው የተካሄደበትን ቀንና የመሣሪያውን አሠራር በአንድ ላይ ይይዛል። አንድ የሲቲ ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ 512 በ512 ነጥቦች አሉት፤ መጠኑም ግማሽ ሜጋ ባይት ያህል ነው። ሦስት መቶው ቁራጭ ሲደመር 150 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። ለአንዲት ትንሽ ፍላሽ ይህ ምንም አይደለም።

ሲዲው ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ሁሉም እንዳለ ይገልበጥ። ብዙ ሰው ሲዲውን ከፍቶ ምስል የሚመስለውን ብቻ መርጦ ይወስዳል፤ ይህ ስሕተት ነው። የዳይኮም ፋይሎች ብዙ ጊዜ ስማቸው የቁጥርና የፊደል ድርድር ብቻ ነው፤ ፎቶ የሚያስመስላቸው ምልክት የላቸውም። ዳይኮምዲር የሚባለው ፋይልም ለዓይን ባዶ ይመስላል እንጂ የምስሎቹ ሁሉ ማውጫ እርሱ ነው። ለእያንዳንዱ ምርመራ አንድ ፎልደር ይከፈት፤ በላዩም የታማሚው ስም፣ የተመረመረው የአካል ክፍልና ቀኑ ይጻፍ። የራዲዮሎጂ ሐኪሙ የጻፈው ሪፖርትም ተነሥቶ እዚያው ይግባ። አንድ ቅጂ በኮምፒውተሩ፣ ሌላው በፍላሽ ይቀመጥ፤ ፍላሽ እንደ ቁልፍ የሚጠፋ ዕቃ ነውና በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም።

ምስሉን ለማየት ልዩ ሶፍትዌር ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ለሚሠሩ ማይክሮዳይኮም ለግል ጥቅም ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ራዲያንትም በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው፣ ነገር ግን ከሙከራ ጊዜው በኋላ ይከፈልበታል። ማክ ላላቸው ሆሮስ አለ። ዊዚስ የተባለው ደግሞ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል፤ ክፍያም የለውም። ብዙ ሲዲዎች የራሳቸውን መመልከቻ ይዘው ይመጣሉ፤ ከእጅ ወደ እጅ በዞረ ሲዲ ወይም ፍላሽ ላይ ያለውን ፕሮግራም ግን በፀረ ቫይረስ ሳይፈትሹ ማስነሣት አይመከርም። እ.ኤ.አ. በ2019 የኮምፒውተር ደኅንነት ተመራማሪዎች በዳይኮም ፋይል መግቢያ ላይ ባሉት ባዶ 128 ባይቶች ውስጥ ጎጂ ፕሮግራም መደበቅ እንደሚቻል አሳይተዋል። ስለዚህ የሶፍትዌሩ ምንጭ ከአምራቹ ይሁን፤ ከጎረቤት ፍላሽ አይሁን።

ምስሉ ሲከፈት ቤተሰብን ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጠው ወይም በከንቱ የሚያጽናናው የንጽረት አመራረጥ ነው። ሲቲ ስካን እያንዳንዱን ነጥብ በቁጥር ይለካል፤ መለኪያውም በፈጣሪው በሐውንስፊልድ ስም ይጠራል። ውኃ ዜሮ ነው፣ አየር ከዜሮ በታች 1000፣ አጥንት ከዜሮ በላይ በብዙ መቶዎች። የኮምፒውተር መስኮት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ በግራጫ ቀለም አብራርቶ ማሳየት አይችልም፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ የተወሰነውን ክልል መርጦ ያሳያል። ፋይሉ ለሥጋና ለደም ሥር በተስተካከለ ክልል ከተከፈተ፣ አየር የሞላው ሳንባ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የታመመውም ክፍል ከጥቁሩ ጋር ሊዋጥ ይችላል። ልጅቱ ይህን አይታ «አባባ ሳንባዎ ንጹሕ ነው» ብትል አይፈረድባትም። በሶፍትዌሩ ዝርዝር ውስጥ የሳንባ ክልል የሚለው ሲመረጥ፣ ያው ፋይል፣ ያው ቁራጭ፣ በእንፋሎት እንደ ደበዘዘ መስታወት ያለ ጥላ ሊያወጣ ይችላል። የኮቪድ-19 የሳንባ ምች ብዙ ጊዜ የሚታየው በዚህ መልክ ነው። ችግሩ ይህ መልክ የኮቪድ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ሌሎች የሳንባ ምቾች፣ በሳንባ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ፣ የደም መፍሰስም ያመጡታል።

ስለዚህ ሶፍትዌሩ በቤት የሚከፈተው ፋይሉ ደኅና መሆኑን፣ ምስሎቹ የተሟሉ መሆናቸውንና የማን መሆናቸውን ለማረጋገጥ ነው። ማንበቡ የሐኪሙ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ጤነኛ ሆነው ሳለ «ለመጠንቀቅ» ብለው ሲቲ ስካን ለመነሣት የሚሰለፉ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2020 ባወጣው መመሪያ፣ ከታማሚ ጋር ንክኪ ኖሯቸው ምልክት ለሌላቸው ሰዎች የደረት ምስል ለምርመራ እንዳይውል መክሯል፤ ምልክት ላላቸውም ቢሆን የፒሲአር ውጤት በጊዜው የሚደርስ ከሆነ እንደዚያው።

ስምና ቀን በኢትዮጵያ ታማሚዎች ዘንድ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ፋይሉ ቀኑን የሚጽፈው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ ዓመቱን አስቀድሞ ነው፤ 20200815 የሚል ቁጥር ነሐሴ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ቤተሰብ የትኛው ምርመራ እንደሚቀድም ሊሳሳት ይችላል። የዳይኮም ሰንጠረዥ የቤተሰብ ስምን አስቀድሞ፣ የግል ስምን አስከትሎ እንዲጻፍ ይጠብቃል፤ የኢትዮጵያ ስም ግን እንዲህ አይሠራም። አንዱ መዝጋቢ የአባትን ስም ያስቀድማል፣ ሌላው ያስከትላል። መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በስንት መልክ እንደሚጻፍ ፓስፖርት ያወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ሶፍትዌሩ አንዲት ፊደል ስትለወጥ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ይቆጥራል፤ የቀድሞውና የአሁኑ ምስል ጎን ለጎን አይመጡም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በምዝገባ መስኮት ላይ የቀድሞውን የስም አጻጻፍና የካርድ ቁጥር ማሳየት።

ምስሉን በርቀት ላለ ሐኪም ለመላክ የሚፈልግ ቤተሰብ ፊልሙን ወደ መስኮት አንሥቶ በስልክ ፎቶ ማንሣቱ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ ጥላና ነጸብራቅ ይጨምርበታል፤ ሐኪሙም ክልሉን መለወጥ አይችልም። ሙሉው ፎልደር ተጠቅልሎ በአንድ ፋይል፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይላክ። በቴሌግራም ሲላክም «ፎቶ» ተብሎ ሳይሆን «ፋይል» ተብሎ ይላክ፤ ፎቶ ሲባል መተግበሪያው ጥራቱን ይቀንሰዋል። የይለፍ ቃሉ በስልክ ይነገር። የብዙ ሰዎች ስብስብ ባለበት ገጽ ላይ ምክር ለመጠየቅ ምስል መለጠፍ ግን፣ የታማሚውን ስም፣ ዕድሜና የካርድ ቁጥር ለማያውቁት ሰው ማደል ነው። ኮቪድ የያዘው ሰው በሰፈሩ ምን ያህል እንደ ተገለለ የታየ ነገር ነው። ሶፍትዌሮቹ ስም የማጥፊያ ትእዛዝ አላቸው፤ ትእዛዙ ግን የሚያጠፋው በፋይሉ ዝርዝር ውስጥ ያለውን ነው። እንደ አልትራሳውንድ ባሉት ላይ ስሙ በራሱ በምስሉ ላይ ታትሞ ሊገኝ ስለሚችል፣ ከመላክ በፊት በዓይን መታየት አለበት።

ሲዲው ከምርመራ ክፍል ሲሰጥ አስታማሚው ከመውጣቱ በፊት ባለሙያው ከፍቶ እንዲያሳየው ይጠይቅ፤ ስሙ፣ ቀኑና የምስሎቹ ብዛት እዚያው ይረጋገጥ። ሲዲ የማያነብ ኮምፒውተር ያለው ቤተሰብ አዲስና ባዶ ፍላሽ ይዞ ቢሄድ፣ በዚያው ጉዞ የሚፈልገውን ይዞ ይመለሳል።