ሆስፒታሉ «እስከ ነገ ምረጡ» ከማለቱ በፊት

 

ዛሬ የተሰበሰብንበት ጉዳይ ቡና ላይ እንኳ በቀላሉ የማይነሣ ነው። እናትን ወይም አባትን ነርሲንግ ሆም ማስገባት በብዙዎቻችን ቤት እንደ መጣል ይቆጠራል። «ወልዳ ያሳደገችውን እናቱን ለባዕድ አስረከበ» መባልን የማይፈራ የለም። አገር ቤት መቄዶንያን የመሳሰሉ ማዕከላት ጧሪ ያጡትን ከጎዳና እያነሡ ስለሚረዱ፣ የአረጋውያን ማዕከል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ልጅና ዘመድ የሌለውን ሰው ነው። እዚህ አሜሪካ ግን ልጆች ያሉት፣ የሚሳሱለት ልጆች ያሉት ሰውም ይገባል። ስትሮክ ግማሽ አካሉን የያዘውን አባት ብቻውን ሆኖ ማን ያነሣዋል? ሌሊት ተነሥታ ምድጃ የምትለኩሰውን የመርሳት ሕመም ያለባትን እናት፣ ልጆቿ በየፈረቃው ሥራ ሲውሉና ሲያድሩ ማን ይጠብቃታል? ቤት ማቆየት የቻለ ያቆይ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ያልቻለ ግን አንገቱን ሳይደፋ፣ አውቆና ጠይቆ ይምረጥ።

በነርሲንግ ሆሞች ውስጥ በነርስነት ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። በዚህ አዳራሽ ካላችሁትም ብዙዎቻችሁ በሲኤንኤነት፣ ማለትም በነርስ ረዳትነት፣ ወይም በነርስነት የሰው እናት ስታገላብጡ፣ ስታጥቡና ስታጎርሱ የምታድሩ ናችሁ። ሥራውን ከውስጥ የሚያውቅ ማኅበረሰብ ነን። ሆኖም የራሳችን ወላጅ ተራ ሲደርስ ምርጫውን የምናደርገው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆመን ነው። እናት ትወድቃለች፤ ዳሌዋ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሶሻል ወርከሯ የስም ዝርዝር ይዛ መጥታ «እስከ ነገ ምረጡ» ትላለች። ወንድምና እህት በስልክ ይደዋወላሉ፤ የመጀመሪያው ክፍት አልጋ የተገኘበት ቤት ይወሰናል። ለማገገሚያ ተብሎ የተገባበት ቤትም ቀስ በቀስ መኖሪያ ሆኖ ይቀራል። ይህን ስብሰባ ያሰብነው እንዲህ ያለው ጥድፊያ እንዲቀር ነው።

ገንዘቡን በአጭሩ ላንሣው፤ ከእኔ በኋላ የሚናገሩት ባለሙያ ይዘረዝሩታል። መደበኛው ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና መድን፣ ለዘለቄታ መኖሪያ አይከፍልም። ቢያንስ ሦስት ቀን በተኝቶ ታካሚነት ሆስፒታል የቆየ ሰው፣ የነርስ ሕክምና ወይም የማገገሚያ አገልግሎት እስካስፈለገው ድረስ፣ እስከ 100 ቀን ይሸፈንለታል። ሙሉ ክፍያው ግን ለመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ነው፤ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ የታካሚው የቀን ድርሻ ይመጣል። «ኦብዘርቬሽን»፣ ማለትም ለክትትል ብቻ፣ ተብሎ ሆስፒታል ያደረ ሰው አልጋ ላይ ቢተኛም ሌሊቱ ከሦስቱ ቀናት አይቆጠርለትም። ስለዚህ ወላጃችሁ የተመዘገበው በምን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ።

እኛን ለይቶ የሚመለከት ነገርም አለ። በግሪን ካርድ ያመጣናቸው ወላጆች፣ ራሳቸው ወይም የትዳር ጓደኛቸው እዚህ አገር አሥር ዓመት ያህል ሠርተው ግብር ካልከፈሉ፣ የሜዲኬርን የሆስፒታል ክፍል ያለ ወርሃዊ ክፍያ አያገኙም። 65 ዓመት ሞልቷቸው አምስት ዓመት በተከታታይ ከኖሩ ግን እየከፈሉ መግባት ይችላሉ። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ለሚሰጠው የመንግሥት መድን፣ ለሜዲኬይድም፣ በፌዴራሉ ሕግ አብዛኞቹ ግሪን ካርድ ያዢዎች አምስት ዓመት መጠበቅ አለባቸው። የነርሲንግ ሆም ወጪ በሜዲኬይድ እንዲሸፈን ሲጠየቅ ደግሞ ያለፉት አምስት ዓመታት የገንዘብና የንብረት ዝውውር ይመረመራል። ቤቱን በልጅ ስም ለማዞር የምታስቡ፣ መጀመሪያ ሕግ አዋቂ አማክሩ።

ወደ ምርጫው ልምጣ። የሜዲኬር ድረ ገጽ ከ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ነርሲንግ ሆም ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል። ኮከቡ የሚሰላው ከሦስት ነገር ነው፤ ከመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ምርመራ፣ ከሠራተኛ ብዛትና ከእንክብካቤው ውጤት። የእንክብካቤ ውጤት ከሚባለው ብዙው ቤቱ ራሱ ስለ ራሱ ከሚያቀርበው መረጃ የተወሰደ ነው። ስለዚህ እኔ ጠቅላላውን ኮከብ አልፌ በቀጥታ ወደ ምርመራውና ወደ ሠራተኛው እሄዳለሁ። ቅዳሜና እሑድ ስንት ነርስ ይገኛል? በዓመት ውስጥ ከሠራተኛው ምን ያህሉ ይለቃል? ሁለቱም እዚያው ተጽፈዋል። ሠራተኛ በየወሩ የሚቀያየርበት ቤት ውስጥ የእናታችሁን የግራ ትከሻ ሕመም የሚያውቅ ሰው አይኖርም። የመጨረሻው የምርመራ ሪፖርት ደግሞ ጎብኚ ሳይለምን ሊያነበው በሚችልበት ቦታ እንዲቀመጥ ሕጉ ያዛል። ስትጎበኙ «የት ነው ያለው?» በሉ። ፊታቸው ከተለዋወጠ ይህንንም እንደ መልስ ውሰዱት።

ጉብኝቱን ደግሞ ሁለት ጊዜ አድርጉት፤ አንዱን በቀጠሮ፣ ሌላውን ሳትናገሩ፣ እሑድ በምሳ ሰዓት። መግቢያው ላይ ያለው ምንጣፍና አበባ ምንም አይነግራችሁም፤ ምሳው ግን ይነግራችኋል። ትሪው ሲቀርብ ክዳኑን የሚከፍት አለ ወይ? ሥጋው ይቆረጣል ወይ? እጁ የሚንቀጠቀጠውን ሰው አጠገቡ ተቀምጦ የሚያጎርስ አለ፣ ወይስ ቆሞ እያየ ሌላውን የሚያናግር? ትሪው ሳይነካ ሲመለስ የሚጠይቅ ሰው አለ? ከዚያም ኮሪደሩ ላይ ቁሙና የተደወለ ደወል መልስ እስኪያገኝ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እዩ። ኢትዮጵያዊት ሲኤንኤ ካገኛችሁ ጠጋ ብላችሁ «የኔ እህት፣ እናትሽ ቢሆኑ እዚህ ታስገቢያቸው ነበር?» ብላችሁ ጠይቋት። የእሷን መልስ ከአምስት ኮከብ አስበልጬ አምናለሁ።

ስለ ምግብ ካነሣሁ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። በአንድ ቤት አንድ እናት ነበሩ፤ እንግሊዝኛ እምብዛም አያውቁም። ዐቢይ ጾም ገባ። በየቀኑ ዶሮና ወተት ያለበት ትሪ ይቀርብላቸዋል፤ እሳቸው በእጃቸው ገፋ ያደርጉታል። መዝገባቸው ላይ «መብላት እምቢ ብለዋል» ተብሎ ይጻፋል። ክብደታቸው ቀነሰ፤ ሐኪሙ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት መድኃኒት አዘዘ። ነገሩ የታወቀው ልጃቸው ሽሮ ይዞ በመጣ ጊዜ ነው። ምስርና አትክልት ኩሽናው ውስጥ ሞልቶ ነበር፤ የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነበር። ሙስሊም ወገኖቻችንም በሐላል ምግብና በረመዳን ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ቤት አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፤ ግዴታው ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የሚመነጭ ነው። የመርሳት ሕመም ዘግይቶ የተማሩትን ቋንቋ አስቀድሞ ሊወስድ ስለሚችል፣ ዛሬ እንግሊዝኛ የሚችሉ ወላጆቻችን ነገ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ብቻ ሊቀርላቸው ይችላል። ስትመርጡ ይህን አስቡት።

አሁን የራሴን ፍርድ ልናገር፤ የማይስማማ ካለ ከሰዓት በኋላ እንከራከርበታለን። አንድ ሰዓት ከሚያስነዳ ባለ አምስት ኮከብ ቤት፣ ከሥራ ስትወጡ ጎራ የምትሉበትን ደህና ቤት እመርጣለሁ። ቤተሰቧ በተለያየ ሰዓት ብቅ የሚልላት እናት ቶሎ ትገለበጣለች፤ ልብሷም ቶሎ ይቀየራል። ይህ መሆን አልነበረበትም፤ ጠያቂ የሌለውም እኩል ሊጠበቅ ይገባል። ግን አንድ ሲኤንኤ ብዙ ሰው በያዘችበት ምሽት የሚሆነውን አውቃለሁ። የእናት ተረከዝና ጀርባ ላይ የሚጀምረውን መቅላት፣ የአልጋ ቁስል ከመሆኑ በፊት፣ ብዙ ጊዜ የምታየው ካልሲ ልትቀይር የመጣች ልጇ ናት።

መግቢያው ላይ የሚሰጣችሁን ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ። «ተጠያቂ ወገን» በሚለው መስመር ላይ የሚፈርም ልጅ ዕዳውን በራሱ ኪስ የተሸከመ መስሎት ይፈርማል። ልጅ ከራሱ ገንዘብ ዋስ ካልሆነ አናስገባም ማለት በፌዴራሉ ሕግ ክልክል ነው። በወላጃችሁ ስም የምትፈርሙ ከሆነ ይኸው ተጽፎ ይታይ። «ክርክር ቢነሣ ፍርድ ቤት አንሄድም» የሚለውን የግልግል ስምምነት ካልፈረማችሁ ብለውም ሊመልሷችሁ አይችሉም።

ከገቡ በኋላም የእንክብካቤ ዕቅድ ስብሰባ ይጠራል። አትቅሩ። ጾሙን፣ ጸሎቱን፣ ሴት ነርስ ብቻ እንድታጥባቸው መፈለጋቸውን ዕቅዱ ውስጥ አጽፉ። ያልተጻፈውን የሌሊቱ ፈረቃ አያውቀውም። ፕሬዚዳንት ሬገን በ1987 የፈረሙት ሕግ ነዋሪው በክብር እንዲያዝ፣ ለሠራተኛ ምቾት ሲባል እንዳይታሰር፣ ቅሬታ በማቅረቡ እንዳይበደል ያዛል። ቅሬታው እዚያው ካልተፈታ በየግዛቱ ያለውን የነርሲንግ ሆም እንባ ጠባቂ ጥሩ፤ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ ነው፤ የነዋሪውንም ምስጢር ይጠብቃል። ስልኩን በየቤቱ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግዴታ ነው።

ወገኖቼ፣ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ ነገር አድርጉልኝ። እናታችሁና አባታችሁ ገና በእግራቸው ሲሄዱ፣ አእምሯቸው ሙሉ ሳለ አጠገባቸው ተቀመጡ። «እማዬ፣ አንድ ቀን እኛ ብቻችንን የማንችልበት ሁኔታ ቢመጣ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ራሳቸው መናገር ባይችሉ ስለ ሕክምናቸው ማን እንደሚወስን በጽሑፍ ያስቀምጡ። በአካባቢያችሁ ያሉ ሁለት ወይም ሦስት ቤቶችንም ከአሁኑ ሄዳችሁ እዩ፤ ስማቸው በእጃችሁ ይኑር።

 ዐውደ ጥናቱ መከፈቱን በደስታ እገልጻለሁ።