ሩጫውን እናውቀዋለን፣ ውሃውስ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የምነግራችሁ ባለፈው ክረምት ኤላት ስለተካፈልኩበት የአምስት ቀን የትሪያትሎን ካምፕ ነው። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ሃያ ሰዎች ሆነን ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ስንለማመድ ሰነበትን። ከእኛ ማኅበረሰብ የሄድነው ሁለት ልጆች ብቻ ነበርን። ከተመለስን በኋላ ያገኘን ሰው ሁሉ «መዝናናቱ እንዴት ነበር?» ይለናል። ኤላት ሲባል ሆቴልና ባሕር ዳር መተኛት ነው የሚታሰበው። ስለዚህ እዚያ ምን እንደሠራን፣ ለእኛ ወጣቶችና ለወላጆቻችን ደግሞ ምን ትርጉም እንዳለው ልንገራችሁ። መጨረሻ ላይ የምለምናችሁ ነገር አለኝ።

መጀመሪያ ስሙን ለማታውቁት። ትሪያትሎን ሦስት ስፖርት በአንድ ውድድር ማለት ነው፤ በዋና ይጀመራል፣ ብስክሌት ይከተላል፣ በሩጫ ያልቃል። መሀል ላይ ዕረፍት የለም፤ ልብስና ጫማ የምትቀይሩባት ደቂቃ ራሷ ትቆጠራለች። ከ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ ጀምሮ የኦሎምፒክ ስፖርት ነው። የኦሎምፒኩ ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ረጅሙ ደግሞ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በዚያ ላይ ሙሉ ማራቶን አለው። እዚህ አገር ኤላት ላይ በክረምት የሚደረገው «ኢስራማን» የሚባለው ውድድር በዚህ ርቀት የታወቀ ነው። አትደንግጡ፣ ሁሉም እዚያ አይጀምርም። 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ያለው አጭር ውድድር አለ፤ ለልጆች ደግሞ ከዚያም ያነሰ አለ።

ለምን ኤላት? ምክንያቱ የአየር ጠባዩ ነው። በጃንዋሪ ኢየሩሳሌም ስንንቀጠቀጥ ኤላት ቀኑን 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቀይ ባሕር ውሃም በክረምት እምብዛም ከ20 ዲግሪ በታች አይወርድም። ኢየሩሳሌም በዓመት ከ500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ኤላት ግን 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብታገኝ ነው። ለብስክሌት ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ እርጥብ አስፋልት ያንሸራትታል። በክረምት ከባሕሩም ከመንገዱም ሳይርቁ በየቀኑ መለማመድ የሚቻለው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገራችሁ። አምስት ቀን አዲስ ጉልበት አይፈጥርም። ሰውነት ከሙቀት ጋር ለመላመድ እንኳን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። የልምምዱ ጥቅም የሚታየው ቤት ገብተው ካረፉ በኋላ ነው። ታዲያ ሰው ለምን ይሄዳል? ብቻችሁን ሆናችሁ የማትደፍሩትን ነገር ከሰው ጋር ስለምትደፍሩት ነው። በተለይ ውሃውን።

እዚህ ላይ ስለ ሩጫ ትንሽ ልናገር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው በቅንነት «አንቺማ ሩጫው ላይ ሁላችንንም ትቀድሚናለሽ፣ በደማችሁ ያለ ነገር ነው» አለኝ። እዚህ የተቀመጣችሁ ወጣቶች ይህን ቃል ከስፖርት አስተማሪ፣ ከጎረቤት፣ ከወታደር ቤት ሰምታችሁታል። ክፉ ቃል አይደለም። የምንኮራበትም ምክንያት አለን፤ በ2022 ሙኒክ ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮና ማራቶን ማሩ ተፈሪ ብር፣ ጋሻው አያሌ ነሐስ አምጥተዋል። በ2023 ደግሞ ቡዳፔስት ላይ ማሩ በዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጥቷል። ያን ቀን ቤታችን ውስጥ የነበረውን እልልታ ጎረቤት ሁሉ ያስታውሰዋል።

ግን «ደም» የሚለውን ቃል እንመርምረው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሴሎች ያበዛል። እዚያ ላደገ፣ እዚያ ሄዶ ለሚለማመድም ሰው ይህ ይጠቅማል። እኔ ግን የተወለድኩት ነታንያ ነው። ከቤታችን ወጥቼ ባሕሩ ይታየኛል። ከእኛ ወጣቶች ብዙዎቹም እዚሁ የተወለዱ ናቸው። ፓስፖርት ተራራ አይሆንም። እነማሩም ያሸነፉት ሌላው ተኝቶ ሳለ እየተነሡ በሳምንት ስንትና ስንት ኪሎ ሜትር ስለሮጡ ነው። «ደም ነው» ሲባል ያ ሁሉ ልፋት ይረሳል።

ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ የበለጠ ያሳስበኛል። «ደማችሁ ሩጫ ነው» ተብሎ ሲደጋገም «ውሃው የእናንተ አይደለም» የሚል ሌላ ቃል አብሮ ይገባል። ማንም አፍ አውጥቶ አይለውም፣ ልጁ ግን ይሰማዋል። ክፍሉ ወደ ገንዳ ሲሄድ «ዛሬ አሞኛል» የሚለው ልጅ ማን እንደሆነ እናውቃለን።

እናቴ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ትላለች። እውነቷን ነው። እሷ ባደገችበት አገር ወንዝ በክረምት ሞልቶ ከብትም ሰውም ይወስድ ነበር፤ ልጅን ከውሃ ማራቅ ልጅን መጠበቅ ነበር። እዚህ ግን የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። ልጆቻችን ብንፈቅድም ባንፈቅድም በበጋ ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ባሕር ይሄዳሉ። እዚህ አገር ልጅን ከውሃ የሚጠብቀው ዋና ማወቁ ነው። ያም ቢሆን ዋና የሚችልም ሰው ጠባቂ በሌለበት ቦታ አይገባም።

ደግሞስ እኛ ከውሃ ጋር የማንተዋወቅ ሕዝብ ነን እንዴ? ቄሶቻችን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ አያቶቻችን መንደራቸውን ወንዝ አጠገብ ይመሠርቱ የነበረው ለመንጻት ውሃ ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ብርድ ሆነ ሙቀት፣ ሴቱም ወንዱም ውሃ ውስጥ ይጠልቁ ነበር። መንጻት ሌላ ነው፣ ስፖርት ሌላ ነው፣ አላምታታውም። ነገር ግን «እኛና ውሃ አንተዋወቅም» የሚል ሰው የራሱን ታሪክ አላወቀም ማለት ነው።

አሁን ባሕሩ ውስጥ ምን እንደተማርን ልንገራችሁ። ካምፑ ዋና ከዜሮ የሚጀመርበት ቦታ አይደለም። እኔ ከመሄዴ በፊት ሰባት ወር ሰፈራችን አጠገብ ባለው ገንዳ ተለማምጃለሁ። የመጀመሪያው ትምህርት ክንድና እግር አልነበረም፣ ትንፋሽ ነበር። ጀማሪ ፊቱን ውሃ ውስጥ ሲከት ትንፋሹን ይይዛል፤ ቀና ሲል በአንድ ጊዜ ማስወጣትም ማስገባትም ይፈልግና ይታፈናል። መላው ውሃ ውስጥ ሆኖ በዝግታ ማስወጣት ነው፤ ቀና ሲሉ የሚቀረው ማስገባት ብቻ ይሆናል። ይህ ነገር ሰውነቴ ውስጥ እስኪገባ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ገንዳ ውስጥ ከታች መስመር አለ፣ እሱን ተከትሎ መሄድ ይቻላል። ባሕር ውስጥ መስመር የለም። ስለዚህ በየተወሰነው ምት ዓይንን ብቻ ከውሃው በላይ አውጥቶ ዳር ላይ ያለ አንድ ሕንፃ እያዩ አቅጣጫን ማስተካከል ይማራሉ። ቀይ ባሕር ከብዙ ባሕሮች የበለጠ ጨዋማ ስለሆነ ሰውነትን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ለጀማሪ ደግ ነው። ሁላችንም ወገባችን ላይ ከሩቅ የምትታይ ብርቱካናማ ተንሳፋፊ አስረን፣ ጥንድ ጥንድ ሆነን እንገባለን። ብቻውን የሚገባ ሰው የለም። ስንወጣ አሠልጣኙ ይቆጥረናል፤ ቁጥሩ ሃያ ሳይሞላ ማንም ፎጣውን አያነሣም።

ለሴት ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። ሹሩባ ወይም ብዙ ጸጉር ያላት ልጅ ተራው የዋና ቆብ አይበቃትም፤ ብዙ ልጅ ዋና የሚያስጠላት በዚህ ነው። ለእንዲህ ያለ ጸጉር የተሠራ ሰፋ ያለ ቆብ አለ። በ2021 ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ሲቀርብ ተከልክሎ ነበር፣ በ2022 ግን ለውድድር ተፈቅዷል። ክንድና እግር የሚሸፍን የዋና ልብስም አለ። እኔ እሱን ለብሼ ነው የዋኘሁት፣ ማንም ምንም አላለኝም።

ብስክሌቱን ደግሞ ከኤላት ወደ ላይ በሚወጣው 12 ቁጥር መንገድ ነበር የምንነዳው። ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ወደ 800 ሜትር ገደማ ይወጣል። ዳገቱ ላይ ጉልበተኛው ብዙ ጊዜ ቶሎ ይደክማል፤ ማርሹን አቅልሎ፣ እግሩን ሳያስቸኩል የሚወጣው ይደርሳል። ሜዳው ላይ ደግሞ ጠላቱ ንፋስ ነው። ከፊት የሚነዳው ንፋሱን ለሁሉም ይሸከማል፣ ከኋላው የተጠጉት ጉልበት ይቆጥባሉ። ስለዚህ በየሁለት ደቂቃው ተራ ይቀየራል። ከፊት ያለው ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ካየ በእጁ ያሳያል፣ ከኋላ ያለው መኪና ከመጣ ይጮኻል። ከኋላ ሆናችሁ ጉድጓዱን ራሳችሁ አታዩትም፤ ከፊታችሁ ያለውን ሰው ማመን አለባችሁ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ደግሞ የደረሰው ያልደረሰውን ይጠብቃል። እኔ ብዙ ጊዜ ከሚጠበቁት ነበርኩ።

ሩጫውስ? በአራተኛው ቀን ከብስክሌት ወርደን ወዲያው ጫማ ቀይረን ሮጥን። እግር የሰው እግር ይሆናል፤ ይከብዳል፣ አልታዘዝም ይላል። ያ «በደማችሁ ነው» ያለኝ ሰው በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጥሎኝ ሄደ፤ ኋላ ቆሞ «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ደሙ ገና ከብስክሌቱ አልወረደም» አልኩትና ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲያ ስለ ደም አላነሣም። እግር ብስክሌትን ረስቶ ሩጫን እንዲያስታውስ ማድረግ ራሱን የቻለ ልምምድ ነው፤ ይዞት የሚወለድ የለም።

ወላጆች የምትጠይቁትን አውቃለሁ፤ የእኔም ወላጆች ጠይቀዋል። ሰንበትስ? ሐሙስ ማታ ቤታችን ገብተናል፤ ቡድን ስትመርጡ ቀኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። ምግቡስ? ኮሸር ነበር፤ እኔም ከቤት በሶና ቆሎ ይዤ ሄጃለሁ። ሌሎቹ በትንሽ ከረጢት የታሸገ ጣፋጭ ነገር ሲጠቡ እኔ በሶዬን በጠበጥኩ። በሦስተኛው ቀን አሠልጣኙም ኩባያውን ይዞ መጣ። መኝታውስ? ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶች ለብቻ ነው፤ በሦስት ሰዓት ማታ ሁሉም ደክሞት ይተኛል። ጤናስ? ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ይያችሁ። በረሃው ላይ ላብ ቶሎ ስለሚደርቅ ሰው ውሃ መጥማቱን አያውቅም፤ ስለዚህ ሳይጠማችሁ ጠጡ።

ከባዱ ጥያቄ ገንዘቡ ነው። የውድድር ብስክሌት በሺህ የሚቆጠር ሰቅል ያወጣል። እኔ ተከራይቼ ነው የሄድኩት፣ የካምፑንም ክፍያ በበጋ ሠርቼ አጠራቅሜ ከፍያለሁ። ይህን ሁሉም ቤተሰብ እንደማይችለው አውቃለሁ። ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። ብስክሌት አንዱ ሲያርፍ ሌላው ሊነዳው ይችላል። ዋና ደግሞ ብስክሌት አይፈልግም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ማኅበራችን በየዓመቱ የሩጫ ቀን ያዘጋጃል፣ ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ግን በሳምንት አንድ ቀን ገንዳ እንከራይ፤ ለሴቶች ለብቻ ሰዓት፣ ለወንዶች ለብቻ ሰዓት ይኑር፤ ትልልቅ እናቶችም ይምጡ። እኔና አብራኝ ኤላት የሄደችው ልጅ ከአሠልጣኙ ጋር ሆነን ጀማሪዎችን በነፃ ለመርዳት ቃል ገብተናል። በሚቀጥለው ክረምት ሁለት ሳይሆን ስምንት ወይም አሥር ሆነን ወደ ኤላት እንውረድ። ከእነሱ አንድም ሻምፒዮን ባይወጣ፣ አሥር ልጆች ባሕር ገብተው በሰላም መውጣት ቢችሉ ይበቃኛል።

ወጣቶች፣ «ሩጡ» ለሚላችሁ ሰው ሩጡለት፤ ከዚያ «ውሃውንም አሳየኝ» በሉት። እናቶችና አባቶች፣ የፈቃድ ወረቀቱ ወደ ቤት ሲመጣ ሳትጠይቁ አትፈርሙ፣ ሳትጠይቁም አትከልክሉ። ስም መመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው።