የገበያው ምልክቶች ሲጋጩ መቼ እንሽጥ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ ርዕስ የእህል ገበያ መረጃ አጠቃቀም የሚል ነው። እኔ ግን ዓመት በዓመት ከምትጠይቁኝ ጥያቄ ልነሳ። በወረዳችን ገበያ በቆሎ ጨምሯል፣ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ዋጋው ባለበት ቆሟል፣ የሚመጣው የነጋዴ መኪና ደግሞ ቀንሷል፤ የትኛውን እንመን?

ሦስቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ቦታና ጊዜ ነው። በአንድ የገበያ ቀን ዋጋ ቢጨምር ምናልባት ዝናብ መንገድ ዘግቶ ወይም በዓል ደርሶ ሻጭ ስላነሰ ይሆናል። እህል በረንዳ ካልተከተለው ጭማሪው የሚቆይ አይመስለኝም።

የ1994 ዓ.ም.ን ነገር ከእኔ ይልቅ አባቶች ታውቁታላችሁ፤ እኔ የሰማሁት ከኮሌጅ መምህራንና ከእናንተው ነው። ሁለት ዓመት ተከታታይ ጥሩ ምርት ተገኝቶ የበቆሎ ዋጋ ወደቀ። የመሰብሰቢያውን ወጪ እንኳ ስለማይመልስ ማሳ ላይ የቀረ በቆሎ ነበር። ይህን ያየ ገበሬ ለማዳበሪያ ገንዘብ ማውጣቱን ቀነሰ። በዚያው ክረምት በብዙ አካባቢ ዝናቡ ዘገየ፣ አነሰም። በ1995 ዓ.ም. ወደ 13 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ፤ እህልም ተወደደ። የ1994 ዋጋ ስላለፈው አዝመራ ልክ ነበር፤ ስለ መጪው የሚጠየቀው ግን ሰማዩ ነበር።

እንዲህ ስል ደመና ያየ ሁሉ እህሉን ይያዝ ማለቴ አይደለም። መያዝም ወጪ አለው። ለስሌት እንዲመች ኩንታሉ 4,000 ብር ነው እንበል። ክረምቱን ተቀምጦ ነቀዝ 10 ኪሎ ቢበላበት፣ ያንኑ 4,000 ብር ለማግኘት ብቻ ዋጋው በኩንታል ወደ 4,444 ብር መድረስ አለበት። የመጋዘን፣ የጆንያና የወለድ ወጪ ገና አልታሰበም። ስለዚህ አየር በማያስገባ ከረጢት ያስቀመጠ ማኅበርና እንዲሁ የከመረ ማኅበር አንድ ዜና ሰምተው የተለያየ ውሳኔ ቢወስኑ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ምልክቶቹ ሲጋጩ የምመክረው ከፋፍሎ መሸጥን ነው። ለዕዳና ለግድ ወጪ የሚበቃው፣ ዋጋው ባያስደስትም፣ መጀመሪያ ይሸጥ። የቀረው ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ተከፍሎ ለእያንዳንዱ የሚሸጥበት ዋጋና የመጨረሻ ቀን ይቆረጥለት። ቀኑ ከደረሰ ዋጋው ባይሞላም ይውጣ። የቤት ቀለብና ዘር እዚህ ሂሳብ ውስጥ አይገቡም።

ለግብይት ኮሚቴዎቻችንም አንድ ነገር ልበል። ሸጠው ዋጋ ቢጨምር «ሸጡብን»፣ ይዘው ቢወርድ «አከሰሩን» ይባላሉ። ይህን ፈርቶ ሳይወስን የሚከርም ኮሚቴ ብዙ ነው። የዕለቱ ዋጋ፣ የመጋዘኑ ሁኔታና የውሳኔው ምክንያት በቃለ ጉባኤ ይያዝ። አባሉም ሲጠይቅ በዚያን ቀን ይታወቅ የነበረውን ይዞ ይጠይቅ።

ከኃላፊዎች የምንለምነው ደግሞ የግብዓት ብድር መመለሻን ነው። ቀኑ በአዝመራ ማግስት ሲሆን ሁሉም በአንድ ሳምንት እህሉን ያወጣል፣ ዋጋውም ይሰበራል፤ ምልክት የማየት ዕድል እንኳ አይኖርም። ክፍያው በሁለት ጊዜ የሚሆንበት መንገድ ይታይልን።