ሁለት ቋንቋና አንድ ሰፌድ

(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የምናቀርበው ጉዳይ በየዕለቱ በክፍላችን ውስጥ የሚታይ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲከራከር ማንም የማይረታው ጓደኛችን፤ ያንኑ ነገር በእንግሊዝኛ እንዲያስረዳ ሲጠየቅ ዐረፍተ ነገሩን ከመጨረሱ በፊት የሐሳቡ ጫፍ ይጠፋዋል። ይኽን አይቶ አንዳንዱ «ትምህርቱ አልገባውም» ይላል፤ ሌላውም «ሁለት ወዶ አይሆንም፤ ሁለት ቋንቋ አእምሮን ይከፋፍላል» ብሎ ይፈርዳል። እኛ ግን ሁለቱም ፍርዶች የተሳሳቱ ናቸው እንላለን፤ ምክንያታችንም እንደሚከተለው ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን የትውስታን ዐይነት እንለይ። የተማርነውን ለዓመታት የምናኖርበት ትውስታ እንደ ጎተራ ነው፤ ብዙ ይይዛል፤ ለብዙ ጊዜም ያቈያል። ከዚህ ሌላ፤ አንድን ነገር ለጥቂት ሴኮንዶች ይዘን በዚያው ላይ የምንሠራበት ትውስታ አለ፤ እርሱንም የሥነ ልቡና ሊቃውንት የሥራ ትውስታ ይሉታል። ይኸኛው እንደ ሰፌድ ነው። እህል የሚበጠረውና የሚለቀመው በሰፌድ ላይ ነው፤ ሰፌድ ግን ከልኩ በላይ ቢጭኑበት ያፈስሳል። ጆርጅ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1956 ባወጣው ጽሑፍ የዚህን ትውስታ ልክ ወደ 7 ነገሮች ሲገምተው፤ ኔልሰን ካዋን በ2001 ወደ 4 ዝቅ አድርጎታል። እንግሊዛውያኑ አለን ባድሊና ግራሃም ሂች ደግሞ በ1974 ይኽ ትውስታ የተለያዩ ክፍሎች እንዳሉት አስረድተዋል። ከክፍሎቹ አንዱ የሰማነውን ቃል በውስጣችን እየደጋገመ የሚያቈይልን ነው። የዚህም ክፍል መጠን በ2 ሴኮንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ልንናገረው የምንችለው ነው።

ይኽን ከያዝን የዌልስ ሕዝብ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። ሴር የተባለ ተመራማሪ በ1923 ባወጣው ጥናት፤ በዌልስ ገጠር ዌልስኛና እንግሊዝኛ የሚናገሩ ልጆች አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚናገሩት ይልቅ በአእምሮ ፈተና ዝቅ ብለው ተገኙ ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለው አስተያየት ለብዙ ዓመታት ሲነገር ቈየ። በ1962 ግን ኤልዛቤት ፒልና ዋላስ ላምበርት በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ የ10 ዓመት ልጆችን፤ የወላጆቻቸውን የኑሮ ደረጃ አመዛዝነው መረመሩ። ፈረንሳይኛንም እንግሊዝኛንም አጣርተው የሚያውቁት ልጆች በልጠው ተገኙ።

ሆኖም በዌልስ አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር። ቁጥሮችን ሰምቶ በመድገም ፈተና፤ በዌልስኛ የተፈተኑ ልጆች ከአሜሪካ ልጆች ያነሰ ውጤት ያገኙ ነበር። ኤሊስና ሄኔሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980 ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎችን ፈተኑ። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥር ሲይዝ፤ በዌልስኛ ጥቂት ይይዝ ነበር። ምክንያቱ የዌልስኛ ቁጥሮች ለመናገር ረዘም ያለ ጊዜ መውሰዳቸው ነው። ተፈታኞቹ ሌላ ቃል እያነበነቡ ቁጥሮቹን በውስጣቸው እንዳይደግሙ ሲደረግም ልዩነቱ ጠፋ። እንግዲህ ፈተናው የለካው የቁጥሩን ስም ርዝመት ሆኖ ሳለ፤ ጥፋቱ በልጆቹ አእምሮ ላይ ተላክኮ ነበር ማለት ነው።

ነገሩን ወደ ራሳችን እናምጣው። ከ1 እስከ 9 ያሉት የእንግሊዝኛ ቁጥሮች ከ«ሰቨን» በቀር ባንድ ትንፋሽ የሚጣሉ አጫጭር ቃላት ናቸው። ሁለት፤ አራት፤ ሰባት፤ ዘጠኝ ስንል ግን ምላሳችን ሁለት ጊዜ ይሠራል። በግዕዝማ አሐዱ፤ ክልኤቱ፤ ሠለስቱ፤ አርባዕቱ እያልን ስንቈጥር ይበልጡን ይረዝማል። ስለዚህ በአንድ ቋንቋ የተዘጋጀን መለኪያ በሌላ ቋንቋ ተርጕሞ ልጅን በዚያ መመዘን፤ በአንዱ ገበያ ቁና የሌላውን ገበያ እህል እንደ መስፈር ነው።

«ታዲያ ሁለት ቋንቋ ማወቅ ሰፌዱን ያሰፋዋልን?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በ2017 ግረንዲና ቲመር 27 ጥናቶችን ሰብስበው ቢመረምሩ ለሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎች ጥቂት ብልጫ አገኙ። በ2018 ደግሞ ሌህቶነንና ባልደረቦቿ በጎልማሶች ላይ የተደረጉ 152 ጥናቶችን መረመሩ፤ ደስ የሚያሰኘው ውጤት ብቻ እየተመረጠ መታተሙን በሒሳቡ ሲያስገቡት፤ ታይቶ የነበረው ትንሽ ብልጫ አልጸና አለ። በዚህ ምክንያት ሁለት ቋንቋ ስላወቅን ብቻ ከሌላው እንበልጣለን ብለን መመካት አይገባንም፤ አእምሮአችን ተከፈለ ብለንም መፍራት የለብንም።

እንግዲያስ ያ ጓደኛችን ሐሳቡ የሚጠፋው ስለ ምንድን ነው? በደንብ ያልለመድነው ቋንቋ እርሱ ራሱ ከሰፌዱ ላይ ቦታ ስለሚይዝ ነው። ቃሉን መፈለግ፤ ሰዋስዉን ማስተካከል፤ ሊያመልጥ የሚሞክረውን የአፍ መፍቻ ቃል መግታት፤ ይኽ ሁሉ ሥራ ነው። ለሐሳቡ የሚቀረው ቦታ ያንሳል። ቋንቋው እየተለመደ ሲሄድ ግን ቃሉ ሳይፈለግ ይመጣል፤ ቦታውም ለሐሳቡ ይለቀቃል።

በአገራችን በ1994 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፤ ሁለተኛ ደረጃንና ከፍተኛ ትምህርትን በእንግሊዝኛ አድርጎታል። በዚህ መንገድ ያለፈ ተማሪ አዲሱን ትምህርትና ገና ያልበሰለውን ቋንቋ ባንድ ጊዜ ይሸከማል። ከዚህ የተነሣ ሦስት ነገር እናሳስባለን። መምህራኖቻችን ረጅሙን ቀመርና አዲሱን ቃል በሰሌዳ ላይ ቢጽፉልን፤ በሰሌዳ ያለው በሰፌዳችን ላይ አይከብድም። እኛም ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ ተሰብስበን ሐሳቡን በምንችለው ቋንቋ አብጠርጥረን፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ደግመን እንናገረው፤ አንደበት የሚፈታው በመናገር ነውና። ከሁሉም በላይ፤ ጓደኛችን በሁለተኛ ቋንቋው ሲንተባተብ አንሣቅበት። የሚሣቅበት ሰው ዝም ይላል፤ ዝም ያለ ሰው አይለማመድም፤ ያልተለማመደም ሸክሙ አይቀልለትም።